«በሰበሰ» ስንል ምን ማለታችን ነው? በድንች ሕመም ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

የወገራ ወይም የደባርቅ ገበሬ ከማሳው የቆፈረውን ድንች ሰንጥቆ ውስጡ ቡናማ ቀለበት ይዞ ቢያገኘው «በስብሷል» ይላል። በጆንያ ያስቀመጠው ድንች ከሥሩ ውኃ አውጥቶ ሲከረፋም «በሰበሰ» ይላል። ከጓሮው ጕድጓድ ቆፍሮ የከመረው ገለባ፥ ፍግና ቅጠል ጠቁሮ ሲፈረፈር ደግሞ ያው «በሰበሰ» ነው፤ በዚህኛው ግን ይደሰታል። አንድ ግሥ ሦስት ነገር መሸከሙ የቋንቋ ጕድለት አይደለም፤ ሕዝብ በሚነጋገርበት ስፍራ ዐይንና እጅ ቃሉን ያግዙታል። ጕድለቱ የሚመጣው ቃሉ ከማሳው ወጥቶ በመመሪያ፥ በመማሪያ መጽሐፍና በመዝገበ ቃላት ላይ ብቻውን ሲቆም ነው። በዚያ ስፍራ አንባቢው የሚይዘው ቃሉን ብቻ ነው፤ የሚያደርገውንም የሚመርጠው በቃሉ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ስለ ድንች መበስበስና በአካባቢው አፈር ስለሚኖሩ ባክቴሪያዎች በአማርኛ ለመናገር የምንሠራባቸውን ጥቂት ቃላት ነው። ነቀፌታችን በአንድ ደራሲ ወይም በአንድ መሥሪያ ቤት ላይ ያነጣጠረ አይደለም፤ ቃላቱ የሁላችን ናቸውና የማረሙም ሥራ የሁላችን ነው። ምሳሌያችንን ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ጎንደር ደጋ የወሰድንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፥ በደጋው አገር ድንች የገብሱ አዝመራ ሳይደርስ የክረምቱን የምግብ እጥረት ከሚያስታግሡ ሰብሎች አንዱ በመሆኑ የዘሩ መጥፋት ቀላል ነገር አይደለም። ሁለተኛ፥ ጎንደር የትርጓሜና የአቋቋም ትምህርት አገር እንደ መሆኑ መጠን ከግእዝ የተቀዳ ቃል በዚያ ሲነገር ጥንታዊ ትርጉሙን ይዞ ይሰማል። ስያሜ የሚያወጣ ሰው ሥራው የሚፈተነው እንዲህ ባለ ጆሮ ፊት ነው።

ሀ. ስለ «ድንች» ስም ራሱ

ዛሬ ድንች የምንለው ተክል ጥንተ ትውልዱ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው በ1851 ዓ.ም. ገደማ ጀርመናዊው የዕፀዋት ተመራማሪ ቪልሄልም ሺምፐር እንደ ሆነ በሰፊው ተጽፏል፤ ይህ ሰው በትግራይ ለረጅም ዘመን የተቀመጠና የሰሜንን ተራሮች ዕፀዋት የሰበሰበ ነበር። ስሙ ግን ከተክሉ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ አይመስልም። አገራችን ቀድሞውንም ከመሬት ሥር ተቆፍሮ የሚበላ የራሷ ተክል ነበራት፤ ይኸውም ዛሬ «የኦሮሞ ድንች»፥ «የወላይታ ድንች» ወይም «የአገው ድንች» እየተባለ የሚጠራው ነው። እንግዳው መጥቶ ሲስፋፋ «ድንች» የሚለውን ስም ያለ ቅጽል ያዘው፤ የአገሩ ተወላጅ ግን ቅጽል ጨምሮ ለመጠራት ተገደደ።

ይህን ያነሣነው ለጨዋታ አይደለም። ሕዝብ ስም ያወጣው በመልክና በአገልግሎት ነው፤ ሁለቱም ከመሬት ይቆፈራሉ፥ ሁለቱም ተቀቅለው ይበላሉ። በዘር ዝምድና ግን የአገሩ ድንች የበሶብላ ወገን ሲሆን፥ እንግዳው ድንች የቲማቲምና የበርበሬ ወገን ነው። ድንችን የሚያጠቃው ባክቴሪያ የሚያውቀው ይህን ሁለተኛውን ዝምድና ነው። ድንቹ የታመመበትን ማሳ «ሰብል ልቀይር» ብሎ ቲማቲም ወይም በርበሬ የሚተክልበት ገበሬ በስሙ ሲፈርድ ትክክል ነው፥ ሰብሉን ለውጧልና፤ ለባክቴሪያው ግን ገበታው አልተነሣም። ገብስ ወይም ስንዴ ቢዘራ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር። እንግዲህ ስም የሚያሳየውንና የሚሸሽገውን ለይቶ ማወቅ የስያሜ ሥራ መጀመሪያ ነው።

ለ. ስለ ነገሩ

ቃላቱን ከመመዘናችን በፊት ቃላቱ የሚሰየሙለትን ነገር በአጭሩ ማስረዳት ይገባናል።

ድንች ከተቆፈረም በኋላ የሚተነፍስ ሕያው አካል ነው። ሕዋሳቱን እርስ በርሳቸው የሚያጣብቃቸው ፔክቲን የተባለ ነገር ነው። ፔክቶባክቴሪየምና ዲኬያ የተባሉት ባክቴሪያዎች ይህን ማጣበቂያ የሚያሟሙ ኤንዛይሞች ያመነጫሉ፤ ማጣበቂያው ሲሟሟ ሕዋሳቱ ይለያያሉ፥ ድንቹም ቅርፊቱ እንዳለ ሆኖ ውስጡ እንደ ገንፎ ይሆናል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንቹ ቅርፊት ላይና በመተንፈሻ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ጕዳት ሳያደርሱ ብዙ ጊዜ ሊቈዩ ይችላሉ። ጊዜያቸው የሚደርሰው ድንቹ ሲቈስል፥ ሲሞቅ፥ ይልቁንም በውኃ ተከብቦ አየር ሲያጥረው ነው። እርጥብ ድንች በጆንያ ታጭቆ ሲቀመጥ ወይም በዋልካ መሬት ውኃ ሲተኛበት የሚሆነው ይህ ነው። መጀመሪያ ላይ የላላው ክፍል እምብዛም አይሸትም። የሕዋሳቱ ግድግዳ ፈርሶ ምግቡ ከተዘረገፈ በኋላ ግን ሌሎች ባክቴሪያዎች ይገባሉ፤ ከእነዚህም መካከል አየር በሌለበት ስፍራ የሚኖሩት ክሎስትሪዲየሞች ይገኙባቸዋል። ገበሬው «ከረፋ» የሚለው ሽታ የሚመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ስለዚህ በጆንያ የበሰበሰ ድንች የአንድ ባክቴሪያ ሥራ ሳይሆን ተራ በተራ የሚገቡ የብዙዎች ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሕመም በአካሄዱ የተለየ ነው። ራልስቶኒያ ሶላናሲያረም የሚባለው ባክቴሪያ ከአፈር በሥር በኩል ይገባና ውኃ ከሥር ወደ ቅጠል የሚወጣባቸውን ቧንቧዎች ይሞላል። ቧንቧዎቹ ሲደፈኑ ቅጠሉ፥ መሬቱ እርጥብ ሆኖ ሳለ፥ ይጠወልጋል። ድንቹ ሲሰነጠቅ ቡናማ ቀለበት ይታይበታል፤ ሲጨመቅም ነጣ ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል።

በድንቹ ዙሪያ ያለው አፈርም ባዶ ስፍራ አይደለም። በአንድ ግራም ለም አፈር ውስጥ በመቶ ሚሊዮኖች፥ አንዳንድ ጊዜም በቢሊዮን የሚቈጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ሥሩን ተጠግቶ ያለው ስስ የአፈር ክፍል፥ ሥሩ ስኳርና ሌላም ምግብ ስለሚያፈስበት፥ ከቀረው አፈር ይልቅ በእነዚህ ነዋሪዎች የተጨናነቀ ነው። ጀርመናዊው ሎሬንስ ሂልትነር እ.ኤ.አ. በ1904 ለዚህ ክፍል ለብቻው ስም አውጥቶለታል። የስትሬፕቶማይሲስን ወገን ብንወስድ አንዱ ዝርያ የድንቹን ቅርፊት እንደ እከክ ያሻክረዋል። የሌላው ዝርያ ትሩፋት ግን እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው፥ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም ያገለገለው ስትሬፕቶማይሲን ነው። ዝናብ ሲጥል ከመሬት የሚነሣው ደስ የሚል የአፈር ሽታም በአብዛኛው የዚሁ ወገን ሥራ ነው። በአንድ ወገን ውስጥ ጐጂውም ጠቃሚውም አሉ ማለት ነው።

ሐ. «አጠውልግ» ስለሚለው ስያሜ

በግብርና ሙያ ዘንድ ከእንሰት ጀምሮ የሚሠራበት «አጠውልግ» የተባለው ስያሜ በአወቃቀሩ የሚመሰገን ነው። «ጠወለገ» የተክሉን ሁኔታ ይናገራል፤ «አ» የምትባለው መነሻ ምዕላድ ስትጨመርበት ግን ሁኔታውን ያመጣ አድራጊ እንዳለ ታስታውቃለች። የእንሰቱ ሕመም ምክንያት ባክቴሪያ እንደ ሆነ ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዓለም ሳይንስ ሲያስታውቁ የሠሩትን ሥራ ይህች አንዲት ፊደል በአማርኛ ትሠራዋለች ለማለት ይቻላል።

ጕድለቱ የተፈጠረው ስያሜው በሥራ ላይ ሲውል ነው። በንግግርም ሆነ በጽሑፍ «አጠውልግ» ብዙ ጊዜ ወደ «መጠውለግ» ይመለሳል፤ «የባክቴሪያ» የሚለው ቅጽልም ለማሳጠር ሲባል ይጣላል። የቀረው ቃል በውኃ ጥማት ለጠወለገ ተክል ከሚነገረው ቃል በምንም አይለይም። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ሁሉ ለጠወለገ ተክል የሚሰጠውን መልስ ያውቃል፤ ውኃ ያጠጣዋል። በዚህ ሕመም ግን ውኃው ተክሉን አያድነውም፤ ይልቁንም ባክቴሪያውን ከአንዱ ትልም ወደ ሌላው፥ ከአንዱ ማሳ ወደ ጎረቤቱ ማሳ ይዞት ይሄዳል። ቃሉ ራሱ ገበሬውን ወደ ስሕተት መራው ማለት ነው። «በሽታ ነው» ብሎ የሚጀምረውም ቢሆን ቃሉ ምን ዓይነት በሽታ እንደ ሆነ ስላልነገረው፥ ቅጠል የሚያነድደውን ሌላውን የድንች ሕመም ለመከላከል የሚረጨውን መድኃኒት ገዝቶ ይረጫል። ያ ሕመም እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ አየርላንድን በረሃብ የመታው ሲሆን ምክንያቱ ባክቴሪያ አይደለም፤ ለእርሱ የሚረጨውም መድኃኒት ቧንቧ ውስጥ ለተቀመጠ ባክቴሪያ አይበጅም። የገበሬው ገንዘብ በከንቱ ይጠፋል።

አንድ ሰው «በመጀመሪያው ቀን በጥማት የጠወለገና በባክቴሪያ የጠወለገ ተክል በዐይንም አይለዩም፤ ታዲያ ቃሉ እንዴት ይለያቸዋል?» ሊለን ይችላል። እውነቱን ነው። በሕመሙ መጀመሪያ ቅጠሉ ቀን ጠውልጎ ማታ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም የሚለይበት ቀላል ፈተና አለ፤ የጠወለገው ግንድ ከሥሩ አጠገብ ተቈርጦ በብርጭቆ ባለ ጥሩ ውኃ ውስጥ ሲንጠለጠል፥ ባክቴሪያ ካለበት በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ወተት የሚመስል ክር እየሳበ ይወርዳል። ስለዚህ የምንጠይቀው አዲስ ቃል ሳይሆን የተሟላ ፍች ነው። መዝገበ ቃላት «አጠውልግ» የሚለውን ቃል «ተክልን የሚያጠወልግ በሽታ» ብሎ ቢፈታው ቃሉን በቃሉ መፍታት ይሆናል። ውኃ የማይመልሰው መሆኑንና መለያ ምልክቱን ካልጨመረ ፍቹ ለሚያርሰው ሰው አይጠቅምም።

የላቲኑን ስም እንዳለ መገልበጥ ይሻላል የሚሉም አሉ። እኛ ግን የላቲኑ ስም ራሱ ጽኑ ማረፊያ እንዳልሆነ እናያለን። ይህ ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካዊው ኧርዊን ስሚዝ ሲሰየም ባሲለስ ተባለ፤ ቀጥሎ ሱዶሞናስ፥ እ.ኤ.አ. በ1992 ቡርክሆልዴሪያ፥ በ1995 ደግሞ ራልስቶኒያ ሆነ። የሊቃውንቱ ምርምር ሲጠልቅ ስሙ መለወጡ የሚነቀፍ አይደለም፤ ነገር ግን የደባርቅ ገበሬ በዕድሜው አራት ጊዜ የሕመሙን ስም እንዲለውጥ አይጠየቅም። ሕመሙ በሚያደርሰው ነገር የተሰየመ የአገር ቃል ከዚህ ይበልጥ ይጸናል።

በዚሁ አንጻር «ጤነኛ ዘር» የሚለውም አነጋገር ሊታሰብበት ይገባል። በቀዝቃዛው ደጋ ድንቹ ባክቴሪያውን በውስጡ ይዞ አንዳችም ምልክት ሳያሳይ ሊያድግ ይችላል። ያ ዘር ወደ ሞቃታማው ቈላና ወይና ደጋ ወርዶ ሲተከል ግን ሕመሙ ይገለጣል። በአማርኛ «ጤነኛ» ማለት ሕመም የማይታይበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ሻጩ «ጤነኛ ነው» ቢል አልዋሸም፥ ገዢውም ቢያምን አልሞኘም። የተለየ ነገር የሚናገር ሌላ ቃል ያስፈልገናል። በበኩላችን «የተመረመረ ዘር» የሚለውን እንመርጣለን፤ ምርመራ መደረጉን ወይም አለመደረጉን ገዢው ሊጠይቅ የሚችልበት አነጋገር ነውና።

መ. «ብስባሽ» እና «መበስበስ»

ለተፈጥሮ ማዳበሪያ «ብስባሽ» የሚለው ስያሜ መሰጠቱ ጥሩ ምርጫ ነበር። ቃሉ አጭር ነው፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ባዕድ ቃል ከመጠቀምም አድኖናል። ነገር ግን ቃሉ በደግ ትርጉም ከጸና ወዲህ በክፉ ትርጉሙም መሠራታችንን አልተውንም። «የበሰበሰ ነገር ሁሉ ወደ ብስባሽ ጕድጓድ» የሚለው ሐሳብ በሁለቱ ቃላት አንድነት የተነሣ ሳይነገር ይሰማል፤ የበሰበሰ ድንች ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚጣለው ወደዚያው ነው።

በጕድጓዱ ውስጥ የሚሆነውና በድንቹ ውስጥ የሚሆነው አንድ አይደለም። ብስባሽ በሚገባ ሲዘጋጅ እርጥበቱና አየሩ ተመጣጥኖ ይሞቃል፤ ሙቀቱም ብዙ የበሽታ ምክንያቶችን ያጠፋል። በዘፈቀደ የተከመረና ያልሞቀ ጕድጓድ ግን የታመመውን ድንች ባክቴሪያ ተቀብሎ ያቈያል፥ በሚቀጥለውም ዘመን ከማዳበሪያው ጋር ወደ ማሳው ይመልሰዋል። ገበሬው ማሳውን ያለማ መስሎት ሕመሙን በእጁ ይዘራል።

አማርኛ ግን ለዚህ ድኻ አይደለም። ሻጋታ የያዘው ነገር «ሻገተ» ይባላል፤ በተባይ የተበላ እህል «ነቀዘ» ይባላል፤ ለስልሶና ፈሶ መልኩን ያጣ ነገር ደግሞ «ላሸቀ» ይባላል። ይህ የመጨረሻው ቃል ፔክቲኑ የሟሟበትን ድንች እንደ ተለካ ልብስ ይስማማዋል። በአሁኑ ጊዜ «ላሸቀ» የሚለውን ከድንች ይልቅ ለሥነ ምግባር እናውለዋለን፤ ወደ ቀድሞ ቦታው ብንመልሰው ግን «መላሸቅ» ለሕመሙ፥ «ብስባሽ» ለማዳበሪያው ሆነው ይለያያሉ። ያን ጊዜ «የላሸቀ ድንች ብስባሽ ውስጥ አይገባም» ብሎ መናገር ይቻላል። ዛሬ በምንናገርበት አነጋገር ይኸው ምክር «የበሰበሰ ብስባሽ ውስጥ አይገባም» ይሆናል፤ የሚሰማውም ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም።

ሠ. «ረቂቅ ተሐዋስያን»

በዐይን ለማይታዩ ሕያዋን «ረቂቅ ተሐዋስያን»፥ «ደቂቅ ዘአካላት»፥ «ጀርም» እየተባለ ሲጻፍ እናያለን። በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በልዩ ልዩ የሳይንስ ዘርፎች የአማርኛ ስያሜ ለማግኘት የተደረገው ድካም ዋና ምስክር ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን በአገልግሎት ላይ የዋሉትን ቃላት እያዩ መመዘን ነው።

«ተሐዋሲ» ከግእዙ «ተሐውሰ» የመጣ ሲሆን ተንቀሳቃሽ ማለት ነው። ለራልስቶኒያ ይስማማል፥ ይዋኛልና። ለስትሬፕቶማይሲስ ግን አይስማማም፤ እርሱ እንደ ሻጋታ ክር እየዘረጋ ያድጋል እንጂ አይዋኝም። ይህ ግን ታናሽ ጕድለት ነው። የሚበልጠው ያለው «ረቂቅ» በሚለው ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «ረቂቅ» የ«ግዙፍ» ተቃራኒ ነው፤ መላእክትና መናፍስት ረቂቃን ናቸው፥ ሥጋ የለበሰ ሁሉ ግዙፍ ነው። በጎንደር ይህ ክፍፍል የሊቃውንት ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 በከተማዋ ተቀምጦ ስለ ዛር ባጠና ጊዜ ያገኘው ዓለም ሰውን በማይዳሰስ ኃይል ስለ መያዝ የሚናገር ዓለም ነበር፤ «ልክፍት» የሚለውም ቃል እስከ ዛሬ ያንን ያስታውሳል። ለዚህ ጆሮ «ረቂቅ» ሲባል የሚሰማው «ታናሽ» ሳይሆን «የማይጨበጥ» ነው። ባክቴሪያ ግን ይጨበጣል፤ በዶማ ላይ ከተጣበቀ ጭቃ ጋር ይሄዳል፥ መሣሪያን በማጠብ ይቀነሳል፥ የታመመ ተክል ነቅሎ በማስወገድ ይገታል። ረቂቅ የሚባል ጠላት ጸሎትን ወይም ትዕግሥትን ይጠይቃል፤ ግዙፍ የሆነው ጠላት ውኃና መጥረጊያን ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት «ደቂቅ» ይሻላል እንላለን፥ መጠንን እንጂ ባሕርይን አይናገርምና። «ዘአካል» የሚለውም ፍጹም አይደለም፤ «አካል» በሃይማኖት ትምህርት የራሱ የጠበቀ ትርጉም አለው። ነገር ግን ሊነካ የሚችል ነገር መሆኑን ያስገነዝባል።

«ጀርም» የሚለው ቃል ደግሞ በጤና ትምህርት በኩል ወደ ቤታችን የገባ ነው። በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ ያሠለጠናቸው ባለሙያዎች ውኃ ማፍላትንና እጅ መታጠብን ወደ ገጠር ይዘው የወጡበትን ዘመን የሚያስታውስ ሰው የዚህን ዓይነት ቃል ዋጋ አይዘነጋም። ይሁን እንጂ «ጀርም» መገደል ያለበት ጠላት ማለት ነው። ወደ አፈር ሲወሰድ የአፈሩን ነዋሪዎች ሁሉ ጠላት ያደርጋቸዋል፤ የማሳው ለምነት በእነርሱ ሥራ የቆመ መሆኑን ይሸሽጋል። «ባክቴሪያ» የሚለው የውሰት ቃል ግን ደግም ክፉም አይናገርም፤ መነሻው በግሪክኛ ትንሽ በትር ማለት ነው፥ እርሱም የተገኘው በመልክ ነው። ዛሬ አማርኛ ሆኗልና እንዲቀመጥ እንፈልጋለን። ጠባችን ከውሰት ቃል ጋር አይደለም፤ ሰሚውን ወደ ተሳሳተ ሥራ ከሚመራ ቃል ጋር ነው።

ረ. «የባክቴሪያ ማኅበረሰብ»

በአንድ ስፍራ አብረው ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች «የባክቴሪያ ማኅበረሰብ» ሲባል እንሰማለን። «ማኅበረሰብ» ግን «ማኅበር» እና «ሰብእ» ተጋጥመው የወጣ ቃል ነው፤ ሰብእ ሰው ነው። «የባክቴሪያ ማኅበረሰብ» ማለት እንግዲህ «የባክቴሪያ የሰዎች ማኅበር» ማለት ይሆናል። «ማኅበረ ባክቴሪያ» ቢባል ትርፉ ይወገዳል፥ ቃሉም ያጥራል።

«ማኅበር» ሌላም የሚስማማ ጠባይ አለው። በጽዋ ማኅበር አባላቱ በተራ ይደግሳሉ፤ በሚላሽቀው ድንችም አንዱ በሩን ከፍቶ ያዘጋጀውን ሌላው ይበላል። ንጽጽሩ ግን እስከዚህ ብቻ ነው፤ በማኅበር ፈቃድና ስምምነት አለ፥ በድንቹ ውስጥ ያለው ግን መጐራበት፥ መሻማትና መጠባበቅ ነው። ይህን በሚመለከት አሳባችን አጥብቀን አንይዝም። «ማኅበረሰብ» በመማሪያ መጻሕፍት ጸንቷል፤ ቢቀርም ማንም ሰው በዚህ ምክንያት ማሳውን አያጣም። «አጠውልግ» እና «ብስባሽ» ግን እንዲህ አይደሉም፤ በእነርሱ ላይ የሚደረገው ቸልተኝነት በዘርና በገንዘብ ይከፈላል።

ሰ. ለውይይት የቀረቡ ፍቾች

ስያሜ የስምምነት ጕዳይ ነው፥ ፍቹ በመዝገበ ቃላት ከተወሰነ ቃሉ ምንም ይሁን ምን ያገለግላል የሚል ክርክር እንደሚነሣብን እናውቃለን። በትምህርት ቤት ይህ እውነት ነው፤ ተማሪው ቃሉን ከፍቹ ጋር ያጠናል። በማሳ ላይ ግን ቃሉ የሚደርሰው ያለ ፍቹ ነው፤ ባለሙያው ተናግሮ ሲሄድ ከገበሬው ጋር የሚቀረው ቃሉ ብቻ ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን ቃሉ ራሱ እንዳያሳስት፥ ፍቹም የሚደረገውን እንዲያመለክት አድርገን የሚከተሉትን አቅርበናል።

አጠውልግ (የድንች)፦ ባክቴሪያ የተክሉን የውኃ ቧንቧዎች በመድፈኑ የሚመጣ፥ ውኃ በማጠጣት የማይመለስ ሕመም። ግንዱ ተቈርጦ በጥሩ ውኃ ሲንጠለጠል ነጭ ክር ይሰዳል። በዘር፥ በውኃ፥ በአፈርና በመሣሪያ ይተላለፋል፤ ቲማቲምንና በርበሬንም ይይዛል።

መላሸቅ (የድንች)፦ ባክቴሪያ የሕዋሳትን ማጣበቂያ በማሟሟቱ ድንቹ ውስጡ ለስልሶ መፍሰሱ። ቍስል፥ ሙቀትና አየር ያጣ እርጥበት ያፋጥኑታል፤ የሚከረፋው በኋላ በሚገቡ ሌሎች ባክቴሪያዎች ነው።

ብስባሽ፦ ገለባ፥ ቅጠል፥ ፍግና የመሳሰለው በእርጥበትና በአየር ሞቆ የሚገኝ ማዳበሪያ። የላሸቀ ወይም አጠውልግ የያዘው ድንች አይገባበትም።

የተመረመረ ዘር፦ መልኩ ጤነኛ መሆኑ ብቻ ሳይሆን ባክቴሪያ ያልያዘ መሆኑ በምርመራ የታወቀ ዘር።

ዙሪያ ሥር፦ ሥርን ተጠግቶ ያለ፥ ሥሩ በሚያፈሰው ምግብ ምክንያት ብዙ ደቂቅ ዘአካላት የሚኖሩበት ስስ የአፈር ክፍል።

ማኅበረ ባክቴሪያ፦ በአንድ ስፍራና በአንድ ጊዜ አብረው የሚገኙ ልዩ ልዩ ባክቴሪያዎች በጠቅላላው።

እነዚህ ፍቾች የተጠናቀቁ ናቸው አንልም። በተለይ ለቃላቱ ከእኛ ይልቅ ቅርብ የሆኑት በጃናሞራ፥ በዳባት፥ በወገራና በደባርቅ ድንች የሚተክሉ ሰዎች ናቸው፤ ለመላሸቅና ለመጠውለግ ደረጃዎች እኛ ያልሰማናቸው ቃላት ሊኖሯቸው እንደሚችሉ እናምናለን። በዚያ አገር የሚሠሩ መምህራንና የግብርና ባለሙያዎች ቃላቱን ከነአገባባቸው ሰብስበው ቢልኩልን፥ ከላይ ያቀረብናቸውን ከማሻሻልም ሆነ ከመተው ወደ ኋላ አንልም።